«ስፖርታዊ ጨዋነት» በልጆች እግር ኳስ፤ የአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሂስ

መግቢያ

«ስፖርታዊ ጨዋነት» የሚለው ሐረግ በትምህርት ቤት ሜዳዎች፣ በውድድር መክፈቻ ንግግሮችና በስፖርት ዘገባዎች ዘወትር የሚሰማ ነው። ትርጉሙ የታወቀ ስለሚመስል ምንነቱን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አንድ አነጋገር ጥያቄ ሳይነሣበት ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት የቆየ እንደ ሆነ ግን በውስጡ የተሸከመውን ሐሳብ አውጥቶ መመርመር የትምህርት ባለሙያ ተግባር ነው። ሐረጉ ከ7 እስከ 12 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፣ ለደስታ ብለው ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ለማነጽ የሚሠራበት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ መሆን ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ ሐረጉ በልጆች እግር ኳስ ላይ ሲውል ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያስረሳ ይመረምራል። የምርመራው ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ስፖርታዊ ጨዋነት ለልጆች የሚቀርብላቸው በአብዛኛው ለአዋቂ የመታዘዝ ሌላ ስም ሆኖ ነው፤ የጨዋታ ፍትሕ ግን ሥር የሚሰደው ልጆች ደንብ በማውጣቱም ሆነ በመዳኘቱ ሥራ ራሳቸው ሲካፈሉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጨዋ» የሚለው ቃል ሸክም

«ጨዋ» በአማርኛ ረጅም ዕድሜ ያለው ቃል ነው። በቀድሞው ኅብረተሰብ ጨዋ ይባል የነበረው ከባርነት ነጻ የሆነ፣ ወገኑ የታወቀ፣ በደህና ቤት ያደገ ሰው ነበር። ከዚህ በመነሣት ቃሉ የጠባይን መልካምነት ወደ ማመልከት ተሸጋገረ። ስለ ልጅ ሲነገር ግን ትርጉሙ ይጠብባል። ጨዋ ልጅ የሚባለው በታላላቆቹ ፊት ዝም የሚል፣ ሲቆጡት አንገቱን የሚደፋ፣ የታዘዘውን የሚፈጽምና መልስ የማይሰጥ ልጅ ነው። በሌላው ዓለም ፌር ፕሌይ እየተባለ የሚጠራው ጽንሰ ሐሳብ በአንጻሩ መሠረቱን የጣለው በፍትሕ ላይ ነው። ለሁሉም እኩል የሆነ ደንብ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ዕድል፣ ባልተገባ መንገድ የተገኘን ጥቅም አለመቀበል የሚሉትን ሐሳቦች ያቅፋል። ጽንሰ ሐሳቡ «ጨዋነት» የሚለውን ልብስ ለብሶ ወደ አማርኛ ሲገባ ክብደቱ ከፍትሕ ወደ ጠባይ ተዛወረ።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ሁለት ልጆችን በሐሳብ ማቅረብ ይበቃል። አንደኛው ኳሱን በእጁ ገፍቶ ግብ አገባ፤ ዳኛው አላየውም፤ ልጁም ዝም አለ። ጨዋታው ሲያበቃ ተጋጣሚዎቹን አንድ በአንድ ጨበጠ፤ ለዳኛውም እጅ ነሣ። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ ጓደኛው ከዳር ተቀምጦ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገባ ሰዓቱ ሊያልቅ መቃረቡን አይቶ፣ «ይህ ልክ አይደለም፤ እኔ ልውጣና እርሱ ይግባ» ብሎ ከአሠልጣኙ ጋር ተከራከረ። የጨዋነት ሽልማት ቢኖር ለማን ይሰጣል? በተለመደው ሚዛን የሚሸለመው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ልጅ «አፉ የማያርፍ» ይባላል።

ሚዛኑ እንዲህ የተዛባው በልጆች ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም። በ2018 በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጃፓንና ሴኔጋል በነጥብም፣ በግብ ልዩነትም፣ ባገቡት ግብ ብዛትም እኩል ሆኑ፤ እርስ በርስ ያደረጉት ግጥሚያም 2 ለ 2 ነበር የተፈጸመው። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፈው ቡድን በፌር ፕሌይ ነጥብ፣ ማለትም በካርድ ቁጥር ተለየ። 4 ቢጫ ካርድ ያየችው ጃፓን አለፈች፤ 6 ያየችው ሴኔጋል ቀረች። ይሁን እንጂ ጃፓን በዚያው ዕለት በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች ሳለ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች የፈጀችው ኳሱን ወደ ኋላ እያንሸራሸረች ነበር፤ ተመልካቹም በጩኸት ተቃውሞውን ገለጸ። ደንቡ አልተጣሰም። ነገር ግን ጨዋነት በካርድ ቁጥር ብቻ ሲለካ፣ ለመጫወት ፈቃደኛ ያልሆነ ቡድን በጨዋነት የሚያልፍበት ጊዜ እንደሚኖር ይህ ግጥሚያ አሳይቷል።

የአገራችን ባህል ለነገሩ የተሻለ መሠረት የሌለው መስሎ መታየት የለበትም። በገና ጨዋታ ጌታ መቆጣት እንደማይገባው የሚያስተምረው የቆየ አባባል ለዚህ ምስክር ነው። ሩሯ ስትመታ የጌታና የሎሌ ልዩነት ለጊዜው ይነሣል፤ በጨዋታው መካከል ዱላ ያረፈበት ባለ ማዕረግ መቺውን አይከስም። ከጨዋታው በኋላም አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ሲሸነቁጠው ተሸናፊው ስቆ ያልፋል እንጂ ለጠብ አይነሣም። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ራስን የመግዛት ግዴታ የተጣለው በማን ላይ እንደ ሆነ ነው። ግዴታው የተጣለው በበላዩ ላይ ነው፤ ታናሹ ዝም እንዲል አልተጠየቀም፤ ታላቁ እንዳይቆጣ ነው የተጠየቀው። ስፖርታዊ ጨዋነት ከዚህ ባህል ቢቀዳ ኖሮ በመጀመሪያ የሚመለከተው ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚጮኸውን አዋቂ በሆነ ነበር።

ደንብ በልጆች ዘንድ

የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1932 ስለ ልጆች የግብረ ገብ ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ ምርመራውን የጀመረው ከብይ ጨዋታ ነበር። የጄኔቫና የኒውሻቴል ልጆች ደንቡን እንዲያስተምሩት እየጠየቀ አብሯቸው ይጫወት ነበር፤ ቀጥሎም ደንቡ ከየት እንደ መጣና ሊለወጥ ይችል እንደ ሆነ ይጠይቃቸው ነበር። ብይን የመረጠበት ምክንያት ለመምህራን ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። የብይን ደንብ ለታናናሾቹ የሚያስተላልፉት ታላላቅ ልጆች ናቸው፤ አዋቂ የሚያስተምረው ወይም የሚያስከብረው ደንብ አይደለም።

ከምርመራው የተገኘው ውጤት ላይ ላዩን ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ትንንሾቹ ልጆች ደንቡ ከአባቶች ወይም ከፈጣሪ የመጣ፣ ፈጽሞ ሊነካ የማይችል ነው ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እያንዳንዳቸው እንደ ወደዱ ያደርጋሉ። ዕድሜያቸው ወደ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ልጆች ደግሞ ሁሉም ከተስማማ ደንቡ ሊለወጥ ይችላል ይላሉ፤ ሲጫወቱም የተስማሙበትን በጥንቃቄ ያከብራሉ። ደንብን ከውጭ እንደ ወረደ ቅዱስ ነገር የሚያይ ልጅ በአፉ ያከብረዋል፤ የጋራ ስምምነት መሆኑን የተረዳ ልጅ ግን በሥራው ያከብረዋል።

የእግር ኳስ ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1863 ለንደን ላይ በጽሑፍ የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ማኅበር ደንብ ስለ ዳኛ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ክርክር ሲነሣ የሁለቱ ቡድን አምበሎች ይነጋገሩ ነበር። በኋላ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ታዛቢ አቀረበ፤ ታዛቢዎቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ብቻ ከሜዳው ውጭ ያለ ሦስተኛ ሰው ይጠየቅ ጀመር። ይህ ሦስተኛ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይዞ ወደ ሜዳ የገባው በ1891 ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምትም የተደነገገው በዚያው ዓመት ነበር። ዳኛ ለትልቅ ውድድር አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጨዋታው ያለ እርሱ ተወልዶ ያለ እርሱ ለዓመታት መኖሩን ማስታወስ ይጠቅማል።

በየሠፈሩ የሚጫወቱ ልጆች ዛሬም የሚኖሩት በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ነው። ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፤ አግዳሚ ስለሌለ ኳሱ «ከበረኛው በላይ ነው፣ አይደለም» እየተባለ ይከራከሩበታል። አንደኛው ቡድን ከበረታ ጎበዙ ልጅ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ታናሽ ወንድም ሲጨመር ጠንክረው እንዳይገጥሙት ይስማማሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከግብረ ገብ ፍቅር የተነሣ ብቻ አይደለም። ካልተስማሙ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ተጋጣሚ ተቀይሞ ወደ ቤቱ ከሄደ የሚጫወቱት ሰው የለም። ተጋጣሚ ለጨዋታው አስፈላጊ መሆኑን ልጆች የሚማሩት እንግዲህ ከዚህ ነው። አዋቂ ፊሽካ ይዞ ሲገባ ግን ክርክሩ ይቆማል፤ ከክርክሩ ጋርም ትምህርቱ ይቀራል።

ሽወዳና ማጭበርበር

ስፖርታዊ ጨዋነትን የሚያስተምሩ ምክሮች ብዙ ጊዜ «አታታልል» ይላሉ። እግር ኳስ ግን ያለ ማታለል አይኖርም። ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ ወደ ቀኝ የሚያመልጥ ልጅ ሸውዷል፤ አብዶ የሚሠራ ልጅ ሜዳውን ያስደስታል። መምህሩ ሽወዳንና ማጭበርበርን ለይቶ ካላስረዳ ልጁ ከሁለት አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ ወይ ምክሩን ከንቱ ንግግር አድርጎ ይንቀዋል፤ ወይም ማታለል ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስባል።

መለያው ስምምነት ነው። ሽወዳ ተጋጣሚው ወደ ሜዳ ሲገባ አስቀድሞ የተቀበለው ፈተና ነው፤ እርሱም በተራው ሊሸውድ ይችላል። ኳስን በእጅ ማግባት፣ ሳይነኩ ተመታሁ ብሎ መውደቅ፣ ዕድሜን ቀንሶ መመዝገብ ግን ተጋጣሚው ያልተስማማባቸውና ቢያውቅ ኖሮ የማይቀበላቸው ናቸው። ይህን መለያ የ9 ዓመት ልጅ በቀላሉ ይረዳዋል፤ በየዕለቱ የሚከራከርበት ጉዳይ ነውና።

ከታላላቅ ሜዳዎች የሚመጣው ምሳሌ ነገሩን ያወሳስበዋል። በ1986 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ማራዶና እንግሊዝ ላይ በእጁ ያገባት ግብ ጸድቃለች፤ ፊፋ የፌር ፕሌይ ዘመቻውን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2009 ፈረንሳይ አየርላንድን በጣለችበት ግጥሚያ ኳሱን በእጁ ያቆመው ቲየሪ ኦንሪ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እውነቱን አመነ፤ ሆኖም ዳኛው እርሱ አለመሆኑን ጨምሮ ተናገረ። በ2012 ደግሞ በኢጣልያ ሚሮስላቭ ክሎዘ በእጁ መግባቷን ራሱ ለዳኛው ነግሮ የቡድኑን ግብ አሰረዘ። የኦንሪ አነጋገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እውነትን የመናገር ኀላፊነት ፊሽካ ወደ ያዘው ሰው ተላልፏል፤ ተጫዋቹ የቀረው ግዴታ ውሳኔውን መቀበል ብቻ ነው። ለዳኛ መታዘዝን ብቻ የሚያስተምር ጨዋነት ወደዚህ መድረሱ አያስደንቅም።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ብሬንዳ ብሬድማየርና ዴቪድ ሺልድስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያካሄዱት ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ሰዎች ስለ ስፖርት ሲጠየቁ የሚሰጡት የግብረ ገብ ፍርድ ስለ ዕለታዊ ኑሮ ከሚሰጡት ይልቅ ወደ ራስ ጥቅም ያዘነበለ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ጨዋታ በደንብና በዳኛ የታጠረ ልዩ ዓለም በመሆኑ ተጫዋቹ ከኅሊናው ሸክም ከፊሉን ለሌሎች እንደሚያስረክብ ገልጸዋል።

የሁለት አገሮች ሙከራ

የልጆች እግር ኳስ በአዋቂዎች ጠባይ መበላሸቱ በአውሮፓ ሲያሳስብ ቆይቷል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2008 መከባበርን የሚያስተምር ዘመቻ ጀመረ፤ ወላጆችም ከሜዳው ዳር በተለየ መሥመር ጀርባ እንዲቆሙ ተደረገ። በ2012 ማኅበሩ ባጸደቀው ለውጥ ደግሞ ከ7 እና ከ8 ዓመት በታች ያሉት ልጆች 5 ለ 5፣ ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች ያሉት 7 ለ 7፣ ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች ያሉት 9 ለ 9 እንዲጫወቱ ተወሰነ፤ ለትንንሾቹም የደረጃ ሠንጠረዥ እንዳይታተም ሆነ። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው የሚሻል ነው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የጠየቀው አዋቂው እንዲታረም ነው፤ ሁለተኛው ግን ጨዋታውን ራሱን በልጁ ልክ ሰፍቶታል።

በጀርመን ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአኽን አካባቢ የተስፋፋው የልጆች ሊግ ከዚህም አልፎ ሄደ። ደንቡ ሦስት ነገሮችን ብቻ ያዝዛል። ዳኛ የለም፤ የሚወስኑት ልጆቹ ናቸው። የሁለቱ ቡድን አሠልጣኞች በአንድ ቦታ አብረው ይቆማሉ፤ የሚረዱትም ልጆቹ መስማማት ሲያቅታቸው ነው። ወላጆች ከሜዳው 15 ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከ2024/25 የውድድር ዘመን አንሥቶም በመላው ጀርመን ለታናናሾቹ የዕድሜ ክልሎች በትንንሽ ሜዳ ላይ በጥቂት ተጫዋቾችና በትንንሽ ግቦች የሚደረግ፣ የደረጃ ሠንጠረዥ የሌለው ጨዋታ ግዴታ ሆኗል። የአኽኑ ሙከራ ዋጋ ያለው ዳኛ በማስቀረቱ ብቻ አይደለም። ተፎካካሪ አሠልጣኞች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ለልጆቹ ይታያሉ፤ ቃል ሊሰጠው የማይችለውን ትምህርት ይህ አቋቋም ይሰጣል።

የነጻነት ወሰን

ልጆችን ለብቻቸው መተው ብቻ ፍትሕን ያመጣል የሚል መደምደሚያ ግን ከዚህ ሊወሰድ አይገባም። ፒያዤ ራሱ የልጃገረዶች ጨዋታ ደንቡ ያልተወሳሰበ መሆኑን እንደ ጉድለት ቆጥሮት ነበር። ጃኔት ሊቨር በ1976 ያሳተመችው ጥናት ወንዶች ልጆች ጠብ ሲነሣ ተከራክረው ጨዋታቸውን ሲቀጥሉ፣ ልጃገረዶች ግን ጨዋታውን ማቆም እንደሚቀናቸው አመለከተ። ካሮል ጊሊገን በ1982 ባወጣችው መጽሐፍ ይህን አተረጓጎም ነቅፋለች፤ ልጃገረዶቹ ያቆሙት መዳኘት ስላልቻሉ ሳይሆን ከጨዋታው ይልቅ ወዳጅነቱን ስላስቀደሙ ነው ስትል ተከራክራለች። ነቀፌታው ተገቢ ነው። ደንብን ተከራክሮ ማስከበር አንድ የፍትሕ መልክ ነው፤ ጓደኛን ላለማጣት ማሸነፍን መተው ሌላ መልክ ነው። መምህሩ ሁለቱንም ማየት አለበት።

በሠፈር ሜዳም ባለ ኳሱ ሲሸነፍ ኳሱን ይዞ ይሄዳል፤ ጉልበተኛው ይወስናል፤ ደካማው ሁልጊዜ በረኛ ይሆናል ወይም በመጨረሻ ይመረጣል፤ ልጃገረዶች ከሜዳው ዳር ይቀራሉ። በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የመጫወትን መብት ለእያንዳንዱ ልጅ ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ በሚመለከተው ነገር ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን አረጋግጧል። አንደኛው መምህሩን ወደ ሜዳው ያስገባዋል፤ ሁለተኛው ፊሽካውን እንዲያስቀምጥ ይጠይቀዋል። የመምህሩ ድርሻ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ማንም ልጅ ከጨዋታው እንዳይወጣ ይጠብቃል፤ ግቡ ገባ አልገባ የሚለውን ግን ለልጆቹ ይተዋል።

ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚኖረው ትርጉም

ከዚህ የሚከተለው ለውጥ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ብዙ ተማሪና አንድ ኳስ ብቻ ባለበት ትምህርት ቤትም ሊፈጸም ይችላል። በመጀመሪያ፣ ዕጩ መምህሩ ከጨዋታው በፊት ልጆቹ ራሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ደንብ እንዲያወጡ ያደርጋል፤ ከእነዚህም አንዱ ሁሉም ተማሪ በተራ እንዴት እንደሚገባ የሚወስን ይሆናል። ተራቸውን የሚጠባበቁት ልጆች ሥራ ፈትተው አይቀመጡም፤ የተስማሙበት ደንብ መሥራት አለመሥራቱን ይከታተላሉ። ሁለተኛ፣ ጥፋት ሲፈጸም መምህሩ ፈጥኖ አይፈርድም፤ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ኳሱን የነካውን ልጅ ነው። ልጁ እውነቱን በተናገረ ጊዜ ቡድኑ ግብ ሊያጣ ይችላል፤ ሐቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነውና መምህሩ ከዚህ ሊያድነው አይገባም። ሦስተኛ፣ በጨዋታው መጨረሻ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው የትኛው ደንብ እንደሠራ፣ ማን ኳስ ሳይነካ እንደ ቀረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን መለወጥ እንዳለበት ይነጋገራሉ። በዚያን ጊዜ የግብረ ገብና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቶች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ።

ትልቁ መሰናክል የሚገኘው በምዘናው ላይ ነው። የማስተማር ልምምድ የሚያደርግ ዕጩ መምህር በሜዳ ላይ ሲታይ በአብዛኛው የሚመዘነው ክፍሉን በመቆጣጠር፣ ተማሪዎችን በሰልፍ በማቆምና በጸጥታ በማስጨረስ ነው። ልጆች የሚከራከሩበት ሜዳ ሥርዓት እንዳጣ ተቆጥሮ ነጥብ ያስቀንሳል። እንዲህ በሆነ ጊዜ አስተዋዩ ዕጩ መምህር ፊሽካውን አጥብቆ ቢይዝ ሊፈረድበት አይችልም። ስለዚህ ገምጋሚው ከክፍሉ ጸጥታ በፊት ሦስት ነገሮችን መመልከት ይገባዋል፤ ሁሉም ልጅ ተጫውቷልን? ክርክር ሲነሣ የፈታው ማን ነው? መምህሩ ሳይጠይቅ እውነቱን የተናገረ ልጅ ነበርን? የመጨረሻው ጥያቄ በየዕለቱ አዎንታዊ መልስ ላያገኝ ይችላል። መልስ ያገኘበት ዕለት ግን በመዝገብ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ስፖርታዊ ጨዋነት የሚለው ሐረግ ሥር የሰደደ በመሆኑ በሌላ ይተካ ማለት አስፈላጊም የሚቻልም አይመስልም። የሚያስፈልገው ይዘቱን ማቅናት ነው። መጨባበጥና ዳኛን ማክበር መልካም ልማዶች ናቸው፤ ነገር ግን ያለ ፍትሕ ባዶ ሥርዓት ሆነው ይቀራሉ። አዋቂ ሲያየው ብቻ ደንብ የሚያከብር ልጅ ደንቡን ገና አልተማረም። በሁለት ድንጋይ መካከል ያለፈችውን ኳስ፣ ከጓደኞቹ ተቃውሞ ጋር፣ «አልገባችም፤ ከውጭ ናት» ብሎ በራሱ ቡድን ላይ የሚመሰክር ልጅ ግን የሚፈለገውን ጨዋነት በእጁ አስገብቷል። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲህ ያለውን ልጅ ለማፍራት የሚችለው እንዲመሰክር ዕድል ሲሰጠው ነው።